አውሮፕላኑ ሲሄድ የሚቀረው፦ የበጎ አድራጎት በረራ፣ የገጠር ክሊኒክና ትምህርት ቤት



የጉባኤው አዘጋጆች ለዕለቱ ዲስኩር የመረጡት ርእሰ ጉዳይ፣ መንገድ ባልደረሰባቸው የገጠር አካባቢዎች ያሉትን ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ለመደገፍ የሚደረገው የበጎ አድራጎት በረራ ነው፤ በግብዣውም ይህ አገልግሎት ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንደ ኢትዮጵያ ላለ ተራራማና ሰፊ አገር ምን ትምህርት እንደሚሰጥ እንዲብራራ ተጠይቋል። ስለዚህ ዲስኩሩ በአራት ነጥቦች ተከፍሎ ይቀርባል፦ የመጀመሪያው ስለ አነሣሡ፣ ሁለተኛው ስለ አፍሪካና ስለ ኢትዮጵያ፣ ሦስተኛው ስለ አሠራሩ፣ አራተኛው ደግሞ ስለ ገደቡና ስለ መመዘኛው ይናገራል። አራቱን ነጥቦች የሚያያይዘው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ የበጎ አድራጎት በረራ ዋጋ የሚለካው አውሮፕላኑ ሲያርፍ በሚሰማው እልልታ ሳይሆን፣ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ በምድር ላይ በሚቀረው ነገር ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመገባቱ በፊት የቃሉን ትርጉም መወሰን ይገባል። የበጎ አድራጎት በረራ ሲባል፣ የመሳፈሪያው ወይም የጭነቱ ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል በለጋሾች የሚሸፈን፣ ትርፍ ሳይፈልግ ሐኪምን፣ መምህርን፣ መድኃኒትን፣ መጽሐፍንና ሕመምተኛን የሚያመላልስ በረራ ማለት ነው። ከአስቸኳይ ጊዜ የእርዳታ በረራ የሚለየው በመደበኛነቱ ነው። የአስቸኳይ ጊዜው በረራ ረሃብ ወይም ጎርፍ ሲደርስ መጥቶ አደጋው ሲያልፍ ያበቃል፤ መደበኛው በረራ ግን በታወቀ ቀን ወደ ታወቀ ስፍራ ስለሚመላለስ፣ የመንደሩ ነርስ ክትባቱ የሚደርስበትን፣ ርእሰ መምህሩም የፈተናው ወረቀት የሚመጣበትን ቀን አስቀድመው ያውቁታል።

ክቡራትና ክቡራን፣ የመጀመሪያው ነጥብ የዚህ አገልግሎት አነሣሥ ነው።

የበጎ አድራጎት በረራ በመደበኛ ተቋም መልክ ቀድሞ ከታየባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። የአገሪቱ መሐል ምድር እጅግ ሰፊ፣ ደረቅና ሰው የሳሳበት በመሆኑ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የከብት እርባታ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከቅርቡ ሐኪም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 በምዕራብ አውስትራሊያ አንድ ወጣት ከብት ጠባቂ ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ በመጎዳቱ ጓደኞቹ ሆልስ ክሪክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዱት፤ በዚያ ሐኪም ስላልነበረ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ በፐርዝ ከተማ ከሚገኝ ሐኪም በቴሌግራፍ የሚላክለትን መመሪያ እየተቀበለ በኪስ ቢላዋ ቀዶ ሕክምና አደረገለት። ሐኪሙም በመርከብ፣ በመኪና፣ በፈረስ ጋሪና በእግር ከአሥር ቀን በላይ ተጉዞ ሲደርስ፣ ወጣቱ ሐኪሙ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። ይህ ታሪክ በአገሪቱ ጋዜጦች በሰፊው በመዘገቡ፣ ርቀት ራሱ ገዳይ በሽታ መሆኑን ሕዝቡ ተረዳ።

በዚያ ምድር ያገለግሉ የነበሩት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ጆን ፍሊን ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምረው ነርሶች የሚያገለግሉባቸውን ትናንሽ ሆስፒታሎች በየበረሃው እንዲከፈቱ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ለሐኪም ማጓጓዣ አውሮፕላንን መጠቀም እንደሚቻል በደብዳቤ የጠቆማቸው ክሊፎርድ ፒል የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ግን አብራሪ ሆኖ በዘመተበት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለሞተ የሐሳቡን ፍሬ ሳያይ ቀረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የእህል ማጨጃ ማሽን በመሥራት የታወቁት ሂዩ ቪክተር መኬይ በኑዛዜያቸው በተዉት 2,000 ፓውንድና ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ አገልግሎቱ ተመሠረተ፤ ከቃንታስ አየር መንገድ በኪራይ በተወሰደች፣ በበረረችው ማይል ልክ ኪራይ በሚከፈልባት አንዲት አነስተኛ አውሮፕላንም የመጀመሪያው በረራ ግንቦት 17 ቀን 1928 እ.ኤ.አ. ከክሎንኩሪ ከተማ ተነሣ። በመጀመሪያው ዓመት 50 በረራዎች ተደርገው 225 ሕሙማን ታከሙ። ይህ ተቋም ዛሬም የሮያል ፍላይንግ ዶክተር አገልግሎት በሚል ስም ይሠራል።

ይሁን እንጂ አውሮፕላን ብቻውን ከንቱ ነበር፤ ምክንያቱም በበረሃ መካከል ያለ ቤተሰብ ሐኪሙን የሚጠራበት ድምፅ አልነበረውም። ይህን ችግር የፈታው አልፍሬድ ትሬገር የተባለ መሐንዲስ በ1929 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ እንደ ብስክሌት በእግር በሚሽከረከር ፔዳል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። እናት ወይም አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን እየረገጠ መልእክቱን ያስተላልፋል፤ ሐኪሙም ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ይቀበላል። ቆየት ብሎም በየእርባታ ስፍራው አንድ የመድኃኒት ሣጥን እንዲቀመጥ ተደረገ፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር የተሰጠው ስለሆነ፣ የመድኃኒት ስም ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሐኪሙ በሬዲዮ የነገረውን ቁጥር ፈልጎ አውጥቶ በታዘዘው መጠን ለሕመምተኛው መስጠት ይችላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሕመሞች አውሮፕላን ሳይነሣ በሬዲዮና በሣጥን ብቻ የሚታከሙ ሆኑ።

ትምህርት ቤቱም የተወለደው ከዚያው ሬዲዮ ነው። አዴሌድ ሚትኬ የተባሉ አስተማሪ በየእርባታው የሚያድጉ ልጆች ሬዲዮውን በቀላሉ ሲጠቀሙበት አይተው፣ ለሐኪም ጥሪ የተዘረጋው መስመር ለትምህርትም እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ። በ1951 እ.ኤ.አ. በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ የአየር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መምህሯ በከተማው ተቀምጣ ስትናገር፣ እርስ በርሳቸው የማይተያዩ ልጆች በየበረሃው ሆነው ይሰሙና በየተራቸው ይመልሱ ነበር። ታዳሚዎች ይህን ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል፤ ክሊኒክንና ትምህርት ቤትን ያገናኛቸው በምድር ላይ የቀረው ሬዲዮ እንጂ ከሰማይ መጥቶ የሄደው አውሮፕላን አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥብ አፍሪካንና ኢትዮጵያን ይመለከታል።

በምሥራቅ አፍሪካ በ1957 እ.ኤ.አ. ማይክል ውድ፣ አርችባልድ ማኪንዶና ቶማስ ሪስ የተባሉ ሦስት ቀዶ ሐኪሞች ዛሬ አምሬፍ እየተባለ የሚጠራውን ድርጅት መሠረቱ። ማእከሉን ናይሮቢ አድርጎ በትናንሽ አውሮፕላኖች ቀዶ ሐኪሞችን ወደ ሩቅ የሚሽን ሆስፒታሎች ያመላልስ፣ ሆስፒታሎቹንም በሬዲዮ ያገናኝ ነበር። ከባልደረቦቹ አንዷ የነበሩት የፈረንሳይ ተወላጇ ሐኪም አን ስፐሪ፣ በ45 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ አውሮፕላን ማብረር ተምረው በ1999 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስ ወደ ሰሜን ኬንያ ደረቅ አካባቢዎችና ወደ ላሙ ደሴቶች ራሳቸው እያበረሩ በማከምና በማስከተብ ስላገለገሉ ሕዝቡ «ማማ ዳክታሪ»፣ ማለትም «እማማ ሐኪም» ይላቸው ነበር። ድርጅቱ በሐኪሞች በረራ ቢጀምርም፣ እየዋለ እያደረ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ዋና ሥራው እንዲሆን ማድረጉና በኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ መሥራቱ ለዚህ ዲስኩር ሐሳብ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሲበሩ የኖሩት ሐኪሞች ራሳቸው የደረሱበት መደምደሚያ በመንደሩ የሚኖር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል የሚል ነውና።

በኢትዮጵያ የምሕረት በረራ ታሪክ የሚጀምረው በጦርነት መካከል ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሲካሄድ፣ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉ ስዊድናዊ አብራሪ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችንና መድኃኒትን ያመላልሱ ነበር፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ፎከር አውሮፕላንም በመጋቢት ወር በኮረም በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ። ከነጻነት በኋላ እኚሁ ሰው ተመልሰው የኢትዮጵያን አየር ኃይል አብራሪዎች ለዐሥር ዓመት ያህል አሠለጠኑ። በ1966 ዓ.ም. ከታወቀው ረሃብ በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው፣ በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የታሰሩ የእህል ከረጢቶችን ዝቅ ብለው እየበረሩ መንገድ ለሌላቸው ተራራማ መንደሮች የመጣልን ዘዴ ሠርተው በተግባር አዋሉ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወቅት ጎዴ ላይ ተገድለዋል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ይኸው ዘዴ በታላላቅ አውሮፕላኖች ተደገመ። የብሪታንያና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላኖች በደጋው ላይ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ሲጥሉ፣ የፖላንድ ሔሊኮፕተሮች ቀድመው እያረፉ የሚጣልበትን ስፍራ ያመለክቱ ነበር። ጆንያው ሲያርፍ እንዳይፈነዳ በሌላ ጆንያ ውስጥ ይከተታል፤ ውስጠኛው ቢቀደድ እህሉ በውጪኛው ይያዛል። በዚህ አዳራሽ ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችና እናቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ነገሩን ማብዛት አያስፈልግም። ያ እህል ነፍስ አድኗል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን እህሉ ከተበላ በኋላ በተጣለበት ሜዳ ላይ የቀረ ክሊኒክ፣ የቀረ ትምህርት ቤት፣ የቀረም የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም። ፎን ሮዘን በአንድ ዕድሜያቸው ሁለት ዓይነት ውርስ ትተዋል፤ የጣሉት እህል ለዚያ ዓመት ሲሆን፣ ያሠለጠኗቸው አብራሪዎች ግን ለትውልድ ተርፈዋል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሦስተኛው ነጥብ አሠራሩ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ብዙ በጎ ፈቃድ የሚባክነው አሠራሩን ካለማወቅ የተነሣ ነውና።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማረፊያ ነው። የጂንካን የቀድሞ ማረፊያ ያየ ሰው፣ በከተማው መካከል የተዘረጋው ሣር የለበሰ ሜዳ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት የሚግጥበትና ሰው የሚያቋርጠው እንደነበር ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ማረፊያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የማያቋርጥ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ከዝናብ በኋላ ቦዩ መጠረግ፣ ጉድጓዱ መደልደል፣ ድንጋዩ መለቀም፣ ሣሩ መታጨድ፣ አውሮፕላኑ ሲመጣም ከብቱና ሕፃናቱ መራቅ አለባቸው። ይህን የሚያደርገው የመንደሩ ሕዝብ እንጂ አብራሪው አይደለም፤ ስለዚህ የማረፊያው ንጽሕና ሕዝቡ አገልግሎቱን የራሱ ማድረጉን የሚያሳይ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በብዙ አገሮች የሚመረጠው ሴስና ካራቫን የተባለው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በአጭርና ባልተነጠፈ ማረፊያ ላይ ማረፍ የሚችል ሲሆን፣ የሚሸከመው አንድ ቶን አካባቢ ነው። በደጋ ምድር ደግሞ ይህም ይቀንሳል፤ ከፍታ በጨመረ፣ ሙቀትም በበረታ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ክንፉ የሚያገኘው የማንሣት ኃይል ያንሳል፣ የመንደርደሪያውም ርዝመት መጨመር ይኖርበታል። አብራሪዎች ማለዳን የሚመርጡት፣ ተሳፋሪውንም ከነሻንጣው ሚዛን ላይ የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ምን መላክ እንደሚገባ ይወስናል። አንድ ቶን ማለት ባለ ሃምሳ ኪሎ ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ ብቻ ነው፤ በዚህም አንድ የመማሪያ ክፍል አይገነባም። የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ክብደት ግማሽ ኪሎ ነው ቢባል ግን፣ ያው አንድ ቶን ሁለት ሺህ መጻሕፍት ማለት ነው። ክትባት ደግሞ ከዚህም የቀለለና የከበረ ጭነት ነው፤ አብዛኛው ክትባት ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ ይህም የቅዝቃዜ ሰንሰለት ስለሚባል፣ በበቅሎ ጀርባ ሦስት ቀን የሚፈጀውን መንገድ በግማሽ ሰዓት ማሳጠር ለክትባቱ የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። ስለዚህ የአየር በረራ ድርሻ ቀላል፣ ውድና ጊዜ የማይሰጥ ነገር መሆን ይገባዋል፦ ክትባት፣ ደም፣ የላቦራቶሪ ናሙና፣ የፈተና ወረቀት፣ መምህር፣ አዋላጅ፣ ምጥ የጠናባት እናት። ቆርቆሮና ሲሚንቶ የመንገድ ድርሻ ነው።

በዚህ ሥርዓት ከሚሠሩት መካከል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1945 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሚሽን አቪዬሽን ፌሎውሺፕ የተባለው ድርጅት፣ ዋና ከተማዋ ከመሐል ደጋው ጋር በመኪና መንገድ ባልተገናኘባት በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መምህራንንና መድኃኒትን ወደ ተራራ መንደሮች ሲያመላልስ ቆይቷል። በሌሶቶ ተራሮችም የአገሪቱ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት የደጋ ክሊኒኮችን ይደርሳል። በሩዋንዳ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደም በሰው አልባ አውሮፕላን ወደ ሆስፒታሎች ይላካል። መሣሪያው ቢለያይም መርሁ አንድ ነው፤ በመድረሻው ላይ ተቀብሎ የሚሠራበት ሰው ከሌለ፣ የተላከው ነገር ጥቅም አይሰጥም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ገደቡና መመዘኛው ነው።

በረራ ውድ ነው። ነዳጁ፣ የሞተር እድሳቱ፣ የአብራሪው ሥልጠናና መድኑ በለጋሽ ገንዘብ የሚሸፈን ከሆነ፣ የለጋሹ ሐሳብ በተለወጠ ቀን መንደሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ደመና ሲወርድና ጭጋግ ሲከድን አውሮፕላን አይነሣም፤ ምጥ ግን ጭጋግ እስኪገለጥ አይጠብቅም። በኢትዮጵያ ብዙ መንደሮች ወላድን በቃሬዛ ተሸክመው የሚያደርሱት ጎልማሶች፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን እየተፈራረቁ ገደል የሚወርዱት፣ የመጀመሪያዎቹ አምቡላንሶች እነርሱ ናቸው። እንዲሁም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲኖር አድርጎ ከ30 ሺህ በላይ ሠልጣኞችን፣ አብዛኞቹን ወጣት ሴቶች፣ በመንደር መመደቡ ከየትኛውም የበረራ ድርጅት የበለጠ ሰፊ ሥራ ነው። በረራ እነዚህን ሊተካ አይችልም፤ ሊያግዛቸው ግን ይችላል፤ የቃሬዛውን መንገድ ሊያሳጥር፣ የጤና ኬላውን መደርደሪያ ሊሞላ፣ መምህሩ ደመወዙን ለመቀበል ብሎ ክፍሉን ለሳምንት እንዳይዘጋ ሊያደርግ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ማንኛውም የበጎ አድራጎት በረራ በአራት ጥያቄዎች ቢመዘን ይበጃል። አንደኛ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ በመንደሩ የሚቀር የሠለጠነ ሰው አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የሚመጣበት ቀን የታወቀና የሚታመን ነው ወይ? ሦስተኛ፣ የሚጭነው ነገር ከለጋሹ የተረፈ ሳይሆን የመንደሩ ነርስና መምህር የጠየቁት ነው ወይ? አራተኛ፣ የአገሩ ልጆች አብራሪ፣ መካኒክና አስተዳዳሪ እየሆኑበት ነው ወይ? የአራቱም መልስ «አዎ» ከሆነ በረራው ተቋም ነው፤ የአራቱም «አይደለም» ከሆነ ግን ጉብኝት ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና መምህራን ለአጭር ጊዜ መጥተው በሚሰጡት የነጻ አገልግሎት ላይም ይሠራሉ። ለሁለት ሳምንት የመጣ ቀዶ ሐኪም መቶ ሰው ቢያክም መልካም ነው፤ ከጎኑ ያቆመው ወጣት ሐኪም ግን እርሱ ከተመለሰ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያክማል። በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ያልቃል፤ መድኃኒት መዝግቦ መያዝንና በወቅቱ መጠየቅን የተማረች ነርስ ግን ሥራዋ አያልቅም።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። የሩቅ መንደር ክሊኒክና ትምህርት ቤትም ለአንድ አብራሪ፣ ለአንድ ለጋሽ ወይም ለአንድ መሥሪያ ቤት ከተተወ ሸክም ይሆናል፤ ሲከፋፈሉት ግን ይቀላል። በአዳራሹ ያሉ የአቪዬሽን ባለሙያዎች ባዶ የሚመለስ መቀመጫና የጭነት ቦታ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ የጤና ባለሙያዎች የትኛው ጤና ኬላ ክትባት እንደሚጎድለው ያውቃሉ፤ መምህራን መጽሐፍ ለአምስት ተማሪዎች አንድ የሆነባቸውን ክፍሎች ያውቃሉ። የሦስቱ እውቀት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተገናኘ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የሚጠበቀው፣ ዛሬ ከመበተኑ በፊት ከእያንዳንዱ ሙያ ጥቂት ሰዎች መርጦ አንድ መንደር እንዲለይ፣ በዚያም ከአውሮፕላኑ በፊት አንዲት ነርስንና አንድ መምህርን የሚደግፍበትን መንገድ እንዲወስን ነው። መጀመሪያ ሰው ይኑር፤ አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ የሚያርፍበት ምክንያት ያገኛል።